ክብ ጫፍ ያለው ወፍራም ፎንት ለታፔላ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

አሁን አሁን ድሬ ላይ ጭማቂ ቤት ወይም የልጆች ልብስ ሱቅ የሚከፍት ሰው ዲዛይነሩን «ወፈር ያለ፣ ጫፉ ክብ የሆነ ፊደል አድርግልኝ» ይለዋል። ምርጫው ጥሩ ነው። ከሩቅ ይታያል፣ ኮስታራ አይደለም፤ ስቲከር ሆኖ ሲቆረጥም ሹል ማዕዘን ስለሌለው በፀሐይና በአቧራ ጠርዙ ቶሎ አይላጥም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው።

ዋናው ጥፋት ቦልድ (ወፍራም ሆኖ የተሠራ ዓይነት) የሌለውን ፎንት በግድ ቦልድ ማድረግ ነው። የአማርኛ ፎንቶቹ ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚመጡት በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። የቦልዱን ቁልፍ ስትጫኑ ሶፍትዌሩ ያለውን ፊደል ዙሪያውን ያሳብጠዋል እንጂ አዲስ አይሠራላችሁም። ላቲን እንደምንም ይችለዋል፤ የኛ ፊደል ግን ሆዱ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። እስቲ «ጨጨብሳ» ብላችሁ ጻፉና እዩት፦ የ«ጨ» ቀለበቶች ተደፍነው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። የ«ፀ» የመሃል መስመር ከዙሪያው ጋር ይጣበቃል፣ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የምትለየው የአናቷ ሰረዝም ትዋጣለች።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ተጠቀሙ፤ ነፃ ነው፣ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው። ጫፉ ክብ አይደለም፣ ግን መላ አለው፦ መካከለኛውን ውፍረት ወስዳችሁ ኢለስትሬተር በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ በራሱ በፊደሉ ቀለም ስትሮክ (የዙሪያ መስመር) ትጨምሩና ማዕዘኑን ክብ ታደርጉታላችሁ። ውስጠኛው ማዕዘን ሹል እንደሆነ ስለሚቀር እሱን በእጅ ማስተካከል ነው። ከወፍራሙ ከጀመራችሁ ግን ስትሮኩ ሲጨመርበት ቀዳዳው ሁሉ ያልቃል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። እዚህ አንድ ታፔላ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አብረው ሊሰፍሩ ይችላሉ። ዲዛይነሩ ለላቲኑ ኤሪያል ራውንድድ ይመርጥና አማርኛውንም በዚያው ይጽፈዋል፤ ያ ፎንት ግን የግዕዝ ፊደል የለውም። ቮልስዋገን በ1979 እ.ኤ.አ. ለራሱ ያሠራው፣ በኋላ አፕልም ኪቦርዱ ላይ ለዓመታት የተጠቀመበት ቫግ ራውንድድም ለላቲን የተሠራ ነው። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይላችሁ ሌላ ፎንት ይተካና ላቲኑ ወፍሮ አማርኛው ከስቶ ይወጣል። መጀመሪያ አማርኛውን ሥሩ፣ ላቲኑን ከሱ ውፍረት ጋር አመጣጥኑ። ደግሞ ኦሮምኛም ሶማሊኛም ረጅም አናባቢን ደግመው ስለሚጽፉ በሰፋፊ ክብ ፊደል ቃሉ ይረዝማል፣ ዲዛይነሩም ከግራና ቀኝ ይጨምቀዋል። ያኔ ክቡ ጫፍ እንቁላል ይሆናል፣ የቆሙት መስመሮችም ይቀጥናሉ። አትጨምቁት፤ መጠኑን ቀንሱ ወይም ሁለት መስመር አድርጉት።

ፊደሎቹን ማጠጋጋትም አይበጅም። ክብ ጫፎች ሲነካኩ ሁለቱ ፊደል አንድ ይመስላል።

ፎንቱን ወዳችሁት ሁሉም ቦታ ላይ አትለጥፉት። ለስሙ ይበቃል። ሜኑውን፣ የዋጋ ዝርዝሩንና አድራሻውን በዚሁ ከጻፋችሁት አንባቢው ዓይኑ ይደክመዋል፤ ለነዚያ መደበኛው ውፍረት ይሻላል። ለጠበቃ ቢሮ ወይም ለተዝካር ጥሪማ በጭራሽ፣ የልጅ ልደት ያስመስለዋል።

ጥላና ባለሁለት ቀለም ጠርዝ ደግሞ ተዉት። ወፍራም ፊደል ላይ የሚጨመር ነገር ሁሉ የሚበላው ያችኑ ትንሽ ክፍተት ነው። ለማተሚያ ቤቱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን በኤፎር ወረቀት አትሙና ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚያነብላችሁ፣ የሱቁን ስም የማያውቅ ሰው ፈልጉ።