ወቅታዊ ጉዳይ መድረክ ላይ ስታነሱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

«ፖለቲካ መድረክ ላይ አይወጣም» የሚሉ ፓስተሮችን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም። አገር ስትታመስ ሰባኪ ዝም ማለት የለበትም ባይ ነኝ። ችግሩ ብዙዎቻችን ስንናገር አበላሽተን ነው የምንናገረው። እኔም አልፎ አልፎ መድረክ ላይ ስለምቆም፣ ከታች ካሉት ሁለቱን ሠርቻቸዋለሁ። የትኞቹን እንደሆነ አልናገርም።

መጀመሪያ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መስበክ። በጦርነቱ ጊዜ፣ አንድ እሁድ፣ ከፊቴ የተቀመጠች እህት ስልኳን ታበራለች፣ ታጠፋለች። ወንድሟ ያለበት ከተማ ስልክ ከተቋረጠ ሳምንታት አልፈዋል። ሰባኪው «የበረከት ሰባት ቁልፎች» ላይ ነው። አራተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ትንታኔ አልፈለገችም እኮ! ከስብከቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዶ፣ የከተማዋን ስም ጠርቶ፣ «እዚያ ቤተሰብ ያላችሁ ቁሙ፣ አብረን እንጸልይ» ቢል ይበቃት ነበር።

ሁለተኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው፤ ለሰው መከራ ምክንያት ለመስጠት መጣደፍ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ በተናደው አፈር የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡ ናቸው። ማይክ ይዞ «የኃጢአት ቅጣት ነው» የሚል ሰው የእነዚህን ሰዎች ልጆች ምን ብሎ ሊያያቸው ነው? ደግሞ ጌታ ራሱ መልሶታል። ሉቃስ 13 ላይ ጲላጦስ የገደላቸውን የገሊላ ሰዎች ወሬ ይዘውለት መጡ፤ የዘመኑ ሰበር ዜና በሉት። እሱ ራሱ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ጨምሮ አነሳ። ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች ነበሩ መባሉን ግን አልተቀበለም። ንስሐ ግቡ ያለው ወሬውን ይዘው የመጡትን ነው።

የቴሌግራም ወሬ ላይ ብዙ አልልም። ቅዳሜ ማታ ያያችሁትን ቪዲዮ እሁድ ጠዋት «እንደሰማነው» ብላችሁ አታውሩት። ቪዲዮው የሌላ አገር፣ ያውም የዛሬ ስድስት ዓመት ሆኖ ሲገኝ በቀጣዩ ሳምንት ይቅርታ ትጠይቁ ይሆናል፤ ያን ቀን ደግሞ ግማሹ ሰው ቀርቷል።

ሌላው ለራስ ወገን ሙት ብቻ ማልቀስ ነው። አዲስ አበባ ባለ ቤተ ክርስቲያን ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግራዋዩ፣ ወላይታው ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው፤ ዋሽንግተን አካባቢም ያው ነው። አንዱን ቦታ በስሙ ጠርታችሁ ሌላውን «በአንዳንድ አካባቢዎች» ብላችሁ ስታልፉ ሰው ይቆጥራል። «አንዳንድ አካባቢ» ያላችሁት የእሱ እናት ያለችበት ነው። እኔ አሁን አሁን እንዲህ ያለ ነገር የማነሳ ከሆነ፣ ከሌላ ብሔር የሆነ አንድ ሽማግሌ አስቀድሞ እንዲያነብልኝ እሰጣለሁ። አንድ ቃል አስቀይሮኝ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር፣ አኩርፌ ነበር።

እና ደግሞ ባለሥልጣን። ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምርቃት፣ በሩን ሲወጣ ተግሣጽ! ናታን ዳዊትን የገሠጸው ንጉሡ ፊት ቆሞ ነው። በደርግ ጊዜ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ኡራኤል አካባቢ ካለው ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ሁላችሁም እንደ እሳቸው ሁኑ አልልም፤ እኔም የምችለው አይመስለኝም። ግን ቢያንስ ባለሥልጣኑ መምጣቱን ስንሰማ ቅዳሜ ማታ ርዕስ አንቀይር።