ድምፁ ደርሷል፣ ቦታውስ? የሾፌሮች የቴሌግራም መልእክት ችግርና መፍትሄ

ከአዳማ ተነስቶ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ የጅቡቲ ድንበር ወደሆነው ጋላፊ የሚሄድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከፊቱ ያለውን የሚሰማው ቀድሞት ካለፈ ጓደኛው ነው። አሁን ወሬው የሚመጣው በቴሌግራም ድምፅ ነው። በትክክል ሲደርስ ሰው ያድናል።

ድምፁ ይሰማል፣ ቦታው አይታወቅም

"ወንድሞች፣ ከፊት መኪና ተገልብጧል፣ ቀስ በሉ!" ከየት ፊት? ተናጋሪው ሰመራ ደርሶ፣ ሰሚው ገና አዋሽ ሊሆን ይችላል። መፍትሄው ቦታን ማስቀደም ነው። ከዚያ አቅጣጫ፣ ሰዓት፣ በመጨረሻ ነገሩ። "ገዋኔን አልፎ፣ ወደ ሚሌ ሲኬድ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ግመሎች አስፋልት ላይ ናቸው።" ሎኬሽኑንም አብራችሁ ላኩ።

መልእክቱ ትኩስ ይመስላል፣ መንገዱ ላይ ግን ምንም የለም

ብዙ ሰው የማያስተውለው ይሄን ነው። ኔትወርክ በሌለበት የቀዳችሁት ድምፅ ስልካችሁ ላይ ይቆያል። ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ተቀባዩ የሚያየው ሰዓት ድምፁ የተላከበትን እንጂ የተቀዳበትን አይደለም። ሰዓቱን በአፋችሁ ተናገሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ድምፁ ጎን ላይ ትንሽ የሰዓት ሥዕል (ቁጥሩን አይደለም) ካያችሁ ገና አልሄደም ማለት ነው። ጉዳዩ ካለፈ አጥፉት።

የጓደኛ ላይቭ ሎኬሽን አንድ ቦታ ቆሟል

ላይቭ ሎኬሽን ጓደኛችሁ ሲሄድ ቦታው ካርታ ላይ እየታደሰ የሚታይበት ነው። ከቆመ መኪናው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ካርታው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ እንደሆነ እዩ። ከቆየ ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል። ጂፒኤስ ቦታውን ከሳተላይት ያገኛል፣ ወደ እናንተ ለመላክ ግን ዳታ ያስፈልገዋል። ኔትወርክ ባለበትም ከቆመ የጓደኛችሁ ስልክ ሴቲንግ ይታይ። የባትሪ ቁጠባው ይጥፋ፣ የቴሌግራም ሎኬሽን ፈቃድ አፑ ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ እንዲሠራ ይደረግ። ጭራሽ ከተቋረጠ የመረጠው ጊዜ አልቆ ይሆናል። 15 ደቂቃና 1 ሰዓት ለረጅም መንገድ አይበቃም፣ 8 ሰዓቱን ይምረጥ።

ድምፁ በንፋስ ተውጧል

መስኮት ዝጉ፣ ሙዚቃ ቀንሱ፣ ስልኩን ወደ አፍ አስጠጉ።

ስልኩን የሚይዘው ግን ረዳቱ ነው። ረዳት ከሌለ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ቅዱ። እየነዱ ስልክ መያዝ በሕግም ክልክል ነው፣ ሌላውን አስጠነቅቃለሁ ብሎ ራስ መገልበጥ ደግሞ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭነት ይዛችሁ ላይቭ ሎኬሽን ብዙ የማታውቁት ሰው ባለበት ግሩፕ አትልቀቁ። ለምታምኗቸው ሾፌሮችና ለባለንብረቱ ብቻ ላኩ፤ ለትልቁ ግሩፕ የአደጋው ቦታ በቂ ነው።