የክር ማንዳላ በመስቀለኛ እንጨት፦ ከጭራሮ እስከ ዘርፍ

ሁለት እንጨት አጣምሮ ባለቀለም ክር መጠምጠም ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እስከ አሥረኛው ዙር ድረስ እውነትም ጨዋታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አራት ማዕዘኑ ወደ አንድ ጎን ይዘማል፣ ክሩ ይደራረባል፣ እንጨቶቹም መሀል ላይ መዞር ይጀምራሉ። ብዙ ጀማሪ ጥፋቱን በቀለም ምርጫው ያሳብባል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨቱ፣ ከመሀል እስሩ ወይም ከእጅ አሳሳቡ ነው።

ሥራው በብዙ አገር የሚታወቀው «ኦሆ ዴ ዲዮስ» በሚለው የስፓኝ ስሙ ነው፤ የእግዜር ዓይን ማለት ነው። በምዕራብ ሜክሲኮ ተራሮች የሚኖሩት ዊራሪታሪ፣ ሌላው ሰው ሁዊቾል የሚላቸው፣ ለጸሎት ይሠሩታል። ማንዳላ የሚለው ስም ደግሞ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን «ክብ» ማለት ነው፤ ስምንት ክንፍ፣ ማለትም ከመሀል ወደ ዳር የሚወጣ ስምንት የእንጨት ክንድ፣ ላለው ሥራ የተሰጠ የኋላ ስም ነው። አለላ እየቀያየረ ከመሀል ወደ ዳር ሞሰብ የሰፋ ሰው አካሄዱን ቶሎ ይይዘዋል። ልዩነቱ እዚህ ወስፌ አለመኖሩ ነው። ሥራውን የሚይዘው የክሩ ውጥረት ብቻ ነው።

እንጨት። ከ15 ሳንቲ ሜትር ለማይበልጥ ትንሽ ሥራ በሱፐርማርኬት ለጥብስ መሰኪያ የሚሸጠው የቀርከሃ ስንጥር ይበቃል። ለ30 ሳንቲ ሜትር ሥራ ግን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ያስፈልጋል። ስንጥሩ በዚያ ርዝመት ይለመጣል። ርካሹ ምርጫ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው፤ ከእስሩ ውስጥ ቀጥ ያሉትን መርጦ፣ ልጡን ልጦ፣ ጥላ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ማድረቅ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚቀጥን፣ ዛሬ በጠበቀ ክር የተሸፈነው ክንፍ ከወር በኋላ ክሩን እንደ ሰፊ ካልሲ ይለቀዋል። የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ጉጥና ስንጣሪ ክር ይይዛል። የመጥረጊያ እጀታ ለግድግዳ ትልቅ ሥራ ካልሆነ በቀር በጣም ወፍራም ነው።

ክር። መርካቶ ውስጥ በልቃቂት የሚሸጠው ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የሹራብ ክር፣ በተለይ አክሪሊክ የሆነው፣ ለጀማሪ የሚመች ነው። ትንሽ ይለጠጣል፤ ስለዚህ የእጅን ስሕተት ይሸከማል። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚገኘው በእጅ የተፈተለ ማግ ለዓይን ደስ ቢልም ሲስቡት ይበጠሳል፤ ሳባ የሚባለው አንጸባራቂ ክር ደግሞ ያንሸራትታል። ሳባ ከወደዱ በሁለት ቀለሞች መካከል ሁለት ዙር ብቻ ያስገቡና ከጀርባ ኮላ ያስይዙት። ቀለም የሚመረጠው በቀን ብርሃን ነው። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ አንድ ይመስላሉ፣ ጠዋት ሲነቁ ሥራው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ስንት ሜትር? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀለም እኩል እኩል ቆርጦ ይጀምርና የዳሩ ቀለም ግማሽ ላይ ያልቅበታል። ክሩ ከመሀል በራቀ ቁጥር እያንዳንዱ ዙር ይረዝማል። ለ30 ሳንቲ ሜትር መስቀል፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቢተው፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ክር ወደ 60 ዙር ይሄዳል፤ ጠቅላላው 28 ሜትር ገደማ ነው። በሦስት እኩል ስፋት ቢከፈል ለመሀሉ 5 ሜትር፣ ለመካከለኛው 9 ሜትር ተኩል፣ ለዳሩ 14 ሜትር ይወስዳል። ለእጅ አለመስተካከል በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሜትር ይጨምሩ። ለምሳሌ የአደይ አበባ ቢጫ ከመሀል ቢጀመርና ወደ አረንጓዴ ቢሄድ ትልቁ ልቃቂት የሚያስፈልገው ለአረንጓዴው ነው።

መሀሉን ማሰር። ሁለቱንም እንጨት በማስመሪያ ለክተው 15 ሳንቲ ሜትር ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ምልክቱ ላይ በቢላ ትንሽ ፋቅ አድርገው ጠፍጣፋ ቦታ ያብጁላቸው፤ ድቡልቡል በድቡልቡል ላይ አይቀመጥም። ከዚያ እንጨቶቹን ጎን ለጎን አጋጥመው ክሩን በሸምቀቆ መሀል ላይ ያስሩ፣ ያጥብቁ፣ እንጨቶቹንም እንደ መቀስ ከፍተው መስቀል ያድርጓቸው። ሲከፈቱ እስሩ በራሱ ይበልጥ ይጠብቃል። ቀጥሎ ክሩን በአንዱ ሰያፍ አራት ጊዜ፣ በሌላው ሰያፍ አራት ጊዜ ይጠምጥሙ። ከዚያ በላይ አይጨምሩ፣ መሀሉ እንደ እበጥ ይነፋል። የደብተር ማዕዘን በክንፎቹ መካከል አስገብተው ቀጥ ማለቱን ይዩ። እዚህ ላይ ትንሽ የዘመመ መስቀል በ40ኛው ዙር የተጨፈለቀ ማዕዘን ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ሁሉን መፍታት ብቻ ነው።

አጠማጠሙ። ክሩ በክንፉ ፊት ላይ ያልፋል፣ በጀርባው ዞሮ እንደገና ፊት ላይ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ክንፍ ይሄዳል። መስቀሉን በግራ እጅ ሩብ ዙር እያዞሩ ቀኝ እጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ ያድርግ። አዲሱ ክር ከቀድሞው ጎን ይተኛል እንጂ ላዩ ላይ አይወጣም። በዚህ አኳኋን የፊቱ ገጽ ደልደል ብሎ እንጨቱን ይሸፍናል። ክሩ ከክንፉ ጀርባ ጀምሮ በፊት ዞሮ በጀርባ ቢወጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ እንጨቱ እንደ ጎድን አጥንት ጎልቶ ይወጣል፣ በክንፎች መካከል ያለው ክር ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን በአምስት አምስት ዙር ማፈራረቅ ባለ አንድ ቀለም ሥራን እንኳ ሕይወት ይሰጠዋል።

አሳሳቡ ልከኛ ይሁን። በጣት ሲጫኑት ገባ ብሎ የሚመለስ ክር ጥሩ ነው። አጥብቀው ከሳቡ አራቱ ክንፎች እንደ ዣንጥላ ወደ ፊት ይታጠፋሉ፤ ምክንያቱም በክንፎች መካከል ያለው ክር ሁሉ ያለው በፊት ገጽ በኩል ነው። ጥቂት የታጠፈን ሥራ ቀጣዮቹን ስድስት ሰባት ዙሮች በጀርባ አጠማጠም በመሄድ ማቃናት ይቻላል። በጣም ከታጠፈ መፍታት ነው። በየአሥሩ ዙር ማስመሪያ ያንሱና ከመሀል እስከ መጨረሻው ክር ያለውን በአራቱም ክንፎች ይለኩ። አንዱ በ2 ሚሊ ሜትር ከቀደመ እዚያ ክንፍ ላይ ክሩን በጥፍር ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከደረሰ አይገፋም።

ቀለም የሚቀየረው በክንፍ ጀርባ ብቻ ነው፤ በሁለት ክንፎች መካከል የታሰረ ቋጠሮ ከፊት ይታያል። ሁለቱን ጫፎች ሁለቴ ቋጥረው 3 ሳንቲ ሜትር ጭራ ይተዉ፣ ጭራውንም በቀጣዮቹ ዙሮች ሥር ያስተኙት። እያንዳንዱን ቀለም በሌላ ክንፍ ላይ ይጀምሩ። ሁሉም አንድ ክንፍ ላይ ከተጀመረ ያ ክንፍ በየቀለሙ አንድ ተጨማሪ ጥምጣም እየተቀበለ ቀድሞ ይሄዳል።

ስምንት ክንፍ። አራት እንጨት በአንድ ጊዜ መሀል ላይ ለማሰር አይሞክሩ። ሁለት መስቀሎችን ለየብቻ ከመሀል እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይጠምጥሙ፣ ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጠው የላይኛውን በ45 ዲግሪ ያዙሩ። ጫፎቹን በእርሳስ ከ1 እስከ 8 ይቁጠሩ፤ ጎዶሎዎቹ የፊተኛው መስቀል፣ ሙሉዎቹ የኋለኛው ይሁኑ። የማያያዣው ክር መጀመር ያለበት በኋለኛው ነው። 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያለ በፊተኞቹ ክንፎች ላይ በፊት በኩል ሲያልፍ ፊተኛውን መስቀል ጨምቆ ይይዘዋል። በፊተኛው ከተጀመረ ግን ሁለቱ ሳይያያዙ ይቀራሉ፤ ይህን ካላወቁ ኮላ ማፍሰስ ነው የሚመጣው። አራት ዙር በሙሉዎቹ፣ አራት ዙር በጎዶሎዎቹ እያፈራረቁ ሲሄዱ ኮከቡ ይወጣል።

አንድ ስሌት ግን አይዘንጋ፦ በአንዱ መስቀል ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ክር የሌላውን መስቀል ክንፍ የሚያቋርጠው 4.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ያኛው ገና 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ በመካከል ባዶ እንጨት ይታያል። ሁለቱን አቀራርቦ ማስኬድ ነው። ዳሩ ላይ ስምንቱንም በተርታ ስድስት ዙር መጠምጠም ሁለቱን ንብርብሮች አንድ ያደርጋል፣ መልኩንም ወደ ክብ ያቀርበዋል። ለዚህ ሥራ በጠቅላላ ወደ 60 ሜትር ክር ይዘጋጅ።

መጨረሻው ላይ ክሩን በክንፉ ጀርባ ሁለቴ ቋጥረው አንድ ጠብታ ኮላ ያድርጉበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ፊት ሰርጎ ቀለሙን ያጠቁራል። ዘርፍ ለማበጀት 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ካርቶን ላይ ክር 25 ጊዜ ጠምጥሞ ከላይ ማሰር፣ ከታች መቁረጥ ነው። ሁሉም ዘርፍ እኩል ቁጥር ይኑረው፣ አለዚያ ሥራው ወደ ከባዱ ጎን ያዘነብላል።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ተራ ሚስማር ያጥፋል፤ ዕቃው ግን ቀላል ስለሆነ አንዲት ቀጭን የኮንክሪት ሚስማር ትበቃዋለች። ከመስኮት ፊት ለፊት አይስቀሉት። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ክርን ያፈዛል፣ ቀይና ወይን ጠጅ ደግሞ ቀድመው ይሄዳሉ። አቧራ ሲይዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከመሀል ወደ ዳር ይጥረጉት እንጂ አይጠቡት፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ሲደርቅ ክሩን ያላላዋል።