ወንዙ ድንገት ከጎደለ ሩጡ

ተራራ ሥር ለማደር ወይም በሸለቆ ለመጓዝ ካሰባችሁ ሰማዩን ብቻ አትዩ። ረጃጅም ተራሮች ላይ ጎርፍ ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብም ይመጣል።

የበረዶ ግግር ሲቀልጥ ውሃው የት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ግግሩ ራሱ እየገፋ ከከመረው ድንጋይና አፈር ጀርባ ይጠራቀምና ሐይቅ ይሆናል። ክምሩ ግድብ ይምሰል እንጂ ልል ነው፤ ከላይ አለት ወይም በረዶ ተንዶ ሐይቁ ውስጥ ሲወድቅ ማዕበሉ ክምሩን ይዘላል፣ እየዘለለም ይሸረሽረዋል፣ አንዴ ከተሸነቆረ አለቀ፣ የሚያቆመው የለም። የፔሩዋ ሁዋራዝ እ.ኤ.አ. በ1941 ትልቅ ክፍሏን ያጣችው እንዲህ ነው። ሐይቅ ከሌለስ? በሕንድ ቻሞሊ በፌብሩዋሪ 2021 አለትና በረዶ አብረው ከተራራ ተገንጥለው ወረዱ። በረዶው እየተፈጨ ቀለጠና ሸለቆውን ጭቃና ውሃ ሞላው፤ የሞቱትና የጠፉት ከ200 በላይ ናቸው።

እንግዲህ ከመሄዳችሁ በፊት የሳተላይት ምስል ክፈቱና ወንዙን ወደ ላይ ተከተሉት። ምንጩ ጋ ሐይቅ አለ? ግግር አለ? ማደሪያ ስትመርጡ ደግሞ (ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው) ከጠባብ ሸለቆ አፍ ላይ የተዘረጋ ደልዳላ ሜዳ ካያችሁ ማን እንደደለደለው አስቡ። የድሮ ጎርፍ ነው። ቤት የሚያካክል ድንጋይ ለብቻው ተጎልቶ ከሆነ ወይም ዛፎቹ እስከ ወገባቸው በደለል ከተቀበሩ እልፍ በሉ።

ወንዝ ሲሞላ ሁሉም ይደነግጣል። ሲጎድል ግን ፎቶ ሊነሳ ወርዶ መሃል ድንጋይ ላይ የሚቆም አይጠፋም! ድንገት ከጎደለ ላይኛው በኩል ናዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ከናዳው ጀርባ ውሃው እየተቆለለ ነው። ዝናብ ሳይኖር ከደፈረሰ፣ ግንድና ቅርንጫፍ ማምጣት ከጀመረ ወይም እንደ ባቡር የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁም ያው ነው፤ ሽሹ።

ሽሹ ስል ወደ ታች አይደለም። ድንጋይና ጭቃ የተሸከመ ጎርፍ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል፣ መቼም አትቀድሙትም። ወደ ጎን፣ ዳገቱን ውጡ። ዕቃ ይቅር። ድልድይ ላይ ቆሞ መቅረጽ አይታሰብ። የመጀመሪያው ሲያልፍም አትውረዱ፣ በዙር በዙር ነው የሚመጣው።

ከግግር የሚነሳ ወንዝ መሻገር ግድ ከሆነ በማለዳ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያቀለጠችው ይደርሳል።

ውጡ ከተባላችሁ ደግሞ አትከራከሩ። የስዊዘርላንዷ ብላተን በሜይ 2025 ግግር ተንዶ ሲቀብራት 300 የሚሆኑት ነዋሪዎቿ ከሳምንት በላይ ቀድመው ወጥተው ነበር። እናንተ ጋ የሚያስጠነቅቅ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ ጫማና የእጅ ባትሪ ከራስጌያችሁ አይራቅ፣ የዳገቱንም መውጫ ሳይጨልም አንዴ ሄዳችሁ እዩት።