አረጋውያን ወላጆች ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ከቤት እንዳይቀሩ ምን እናድርግ?

የአዲስ አበባ የቆዩ መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ አረጋውያን ከቀበሌ ቤት ወጥተው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ትናንት ለቅሶ፣ ማኅበር፣ ጉሊት ሲሉ የሚውሉ እናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው መዋል ሲጀምሩ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የንቁ እርጅና ማዕቀፍ ተሳትፎንና ዋስትናን ከጤና እኩል ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው የሚሄድበት ቦታና የሚጠብቀው ወዳጅ ሲያጣ ጉልበቱም ይከዳዋል።

ስለዚህ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት የወላጃችሁን አንድ ወር በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ከእነማን ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ በ21 የማርያም ማኅበር አላቸው ወይ፣ ለጁምዓ የሚሄዱት የትኛው መስጊድ ነው፣ የእድር መዋጮ የሚከፍሉትስ የት ነው? የቀድሞውን እድር እንዲተዉ አታድርጓቸው። መዋጮውን እናንተ ማድረስ ብትችሉም የታክሲውን ሰጥታችሁ ራሳቸው ሄደው እንዲከፍሉ አድርጉ፤ መንገዱ ራሱ እንቅስቃሴ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚያውቋቸው ሰዎች አሉ።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ የማያየው ነገር አለ። በመንግሥት ሥራ የቆየ ሰው በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ በየወሩ የሚቆጥረው ብር አለው፤ ዕድሜያቸውን በጉሊትና በቤት ሥራ ያሳለፉ እናት ግን ይህ የላቸውም። የማኅበሩ ተራ ሲደርሳቸው ዳቦውንና ጠላውን ማቅረብ ካልቻሉ «እግሬን አመመኝ» ብለው ይቀራሉ እንጂ ገንዘብ አጣሁ አይሉም። በወሩ መጀመሪያ ለምን እንደዋለ የማትጠይቁትን ብር በእጃቸው ስጡ፤ ተራቸው ከመድረሱ ሳምንት ቀደም ብሎም ጌሾውን ገዝታችሁ አስገቡላቸው።

አብዛኞቹ ባለአራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር ስለሌላቸው፣ የደረሳችሁ ቤት ላይኛው ፎቅ ከሆነ እርሱን አከራይታችሁ ምድር ላይ ያለ ቤት መከራየትን አስቡበት። ካልሆነም የደረጃው መደገፊያ እንዳይነቃነቅ አጥብቁ፣ የመተላለፊያውን አምፖል ቀይሩ፣ ዓይናቸውንም አስመርምሩ።

በአዲሱ ሰፈር ረከቦቱ ሳሎን ውስጥ ተዘግቶበት አይቅር። ቅዳሜ ጠዋት ሕንፃው ሥር ጥላ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ቡና አፍሉ፤ በእነርሱ ዕድሜ ያሉ ጎረቤቶችንም ወላጃችሁ ራሳቸው በር አንኳኩተው ይጥሩ።