ከደሴ ወደ ጅዳ፦ ገንዘባችሁንና ሻንጣችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

ለዑምራ ወይም ጅዳ ያለ ልጁን ለመጠየቅ የተነሣ የወሎ ሰው ስለ ቪዛውና ስለ ትኬቱ አገር ምድሩን ይጠይቃል። ስለ ሻንጣው የሚጠይቀው ግን ዚፑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሳዑዲ ጉምሩክ ላይ ሰው የሚያስይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛ ቤት ማንም ክፉ የማይለው ዕቃ ነው። ስለዚህ ሥራው ደሴ ላይ፣ ሳትነሡ ይለቅ።

1. ዶላሩን ከባንክ ግዙ

ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ባንክ ሂዱ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተመኑን ገበያው ስለሚወስነው ዋጋው ከባንክ ባንክ ይለያያል። ፒያሳ ላይ ሁለት ሦስት ባንክ ጎራ ማለት ያዋጣል። የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ከሰጧችሁ እዚያው መልሱ። ጅዳ ያለው መንዛሪ አይቀበላችሁም፣ ወይ ዋጋውን ይቆርጥባችኋል።

የግዢውን ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት። ቦሌ ላይ «ዶላሩን ከየት አመጣኸው?» ቢባል መልሱ እሱ ነው። የጥቁር ገበያ ዶላር ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ወረቀት የለውም። ብርም በብዛት ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ ስትመለሱ ለታክሲ የሚሆን ይበቃል። የሚፈቀደው መጠን በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ዶላሩን የሸጠላችሁን ባንክ በዚያው ጠይቁት።

2. ሒሳቡን በቃል ያዙ

የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 3.75 ሪያል። 500 ዶላር ማለት 1,875 ሪያል ነው። መንዛሪው ትንሽ ቢቀንስ ያለ ነው። 1,700 ካላችሁ ግን ዶላራችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

60,000 ሪያል ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ጥሬ ገንዘብ ወይም ወርቅ የያዘ ሰው ለሳዑዲ ጉምሩክ ማስታወቅ አለበት። ይህ 16,000 ዶላር ገደማ ስለሆነ ብዙዎቻችንን አይነካም። ግን የቤተሰቡን ወርቅ በሙሉ አድርጋ የምትሄድ ሴት ትደምረው። ማስታወቅ ወንጀል አይደለም። መደበቅ ነው ጣጣው።

3. ሻንጣውን በእነሱ ዓይን እዩት

ጫት እዚህ በየሰፈሩ ይሸጣል፤ ለዱአም ይቀርባል። ሳዑዲ ግን አደንዛዥ ዕፅ ነው። «ትንሽ ናት፣ ለራሴ ነች» የሚባል ነገር የለም። ደረቁም፣ የተፈጨውም ያው ነው። ኪስ ውስጥ የቀረች ቅጠል እንዳትኖር ጃኬታችሁን አራግፉ።

ክታብም ቤት ይቅር። ከአያት የወረደ ቢሆንም እዚያ የሚያዩት እንደ ድግምት ዕቃ ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል። አረቄና የአሳማ ሥጋም ክልክል ነው፤ ይህንን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መድኃኒት የምትወስዱ፣ በራሱ ካርቶን ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዙት። በፌስታል የተቋጠረ ፍሬ አይሁን። እንደ ትራማዶል ያለ ማስታገሻ ደግሞ እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር አለበት። ያለ ፈቃድ አትያዙት።

በርበሬ፣ ሽሮና በሶ? አብሽሩ፣ ለራስ በሚበቃ መጠን ይኬዳል። ግን ፈታሹ በሶ አያውቅም። እሱ የሚያየው ስም የሌለው ዱቄት ነው። በሚያሳይ ላስቲክ አሽጉት፣ በዐረብኛ ምንነቱን ጻፉበት፣ ሲከፈት ከላይ የሚገኝ ይሁን።

4. አደራ

ዋናው ይሄ ነው። መሄዳችሁ እንደተሰማ ጎረቤት ይመጣል። አብሮ አንድ የተሰፋ ጥቅል አለ። «ልጄ ጅዳ ናት፤ ቅመም ብቻ ነው፣ አይከብድህም።» ወሎ ላይ እንዲህ ያለውን እምቢ ማለት ሞት ነው። ስለ ጥቅሉ ግን ጉምሩኩ የሚጠይቀው የያዘውን ሰው እንጂ የላከውን አይደለም። ሳዑዲ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት ያስቀጣል። «የሰው ነው» ማለት ማንንም አያድንም።

እና እንዲህ በሉ፦ «እናቴ፣ ይፍቱልኝና አብረን እንየው።» ስፌቱ ይፈታ። ቅመሙ ወደ ሳህን ይገልበጥ። የጫማ ሶል፣ የትራስ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ታች ይታይ። ከዚያ በራሳችሁ እጅ መልሳችሁ አሽጉት። ንጹሕ ሰው በዚህ አይቀየምም። የተቀየመ ካለ ጥቅሉን ይዞ ይመለስ። አየር ማረፊያ በር ላይ «ይቺን ብቻ ያዝልኝ» ለሚል እንግዳ ደግሞ ዘወር ብላችሁ አትዩ።

5. ስትመለሱ

ለግል መገልገያና ለስጦታ የሚመስል ዕቃ ቦሌ ላይ ብዙ አያከራክርም። አንድ ዓይነት ስልክ አምስት፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ሃያ ከሆነ ግን ንግድ ነው፣ ቀረጥ ይጠየቅበታል። የወርቁም የስልኩም ደረሰኝ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን የሚገምተው ፈታሹ ነው። ዘምዘም በአየር ማረፊያው የሚሸጠውን ባለ 5 ሊትር የታሸገ ካርቶን ግዙ። በጀሪካን ቀድታችሁ በልብስ መሃል አትቅበሩት፣ ያስወጡታል።

የተረፈውን የሪያል ኖት እዚህ ባንክ ከእናንተ ይገዛል። ሳንቲሙን ግን ማንም አይፈልገውም፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ጅዳ ላይ ሻይ ጠጡበት።