ያዘነበለው የአንቴና ምሰሶ እንዴት ቀጥ አለ

አዘዞ ግቢያችን ውስጥ ያቆምኩት የ9 ሜትር የሬዲዮ አንቴና ምሰሶ ክረምቱ ሲወጣ አዘንብሎ አገኘሁት። ቱምቢ (ቀጥታ መለኪያ፣ በክር የተንጠለጠለ ክብደት) ስጥልበት አንድ ስንዝር ሙሉ ሄዷል። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም፤ የዋልካው፣ የጥቁሩ ጭቃ አፈር ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እኔ ደግሞ የቆፈርኩት 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ምሰሶውን አወረድኩ። ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፈርኩ፤ 1.6 ሜትር ወረደ። ፌሮ በስታፋ (ፌሮውን ዙሪያውን በሚይዝ የታጠፈ ብረት) አስሬ፣ ምሰሶው የሚታሰርባቸውን ብሎኖች በጣውላ አስይዤ አርማታ ሞላሁ። እዚህ ላይ በፍጹም አትቸኩሉ። 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት፣ ምሰሶውን ያቆምኩት በ28ኛው ቀን ነው። ውሃ እንዳይቋጥር የአርማታውን አናት ተዳፋት አደረግሁት። ለመብረቁም የመዳብ ዘንግ ቀብሬ ከምሰሶውና ከቤቱ ኤርዝ (የኤሌክትሪክ መሬት መስመር) ጋር አገናኘሁ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ቱምቢውን መልሼ ጣልኩበት። ንቅንቅ አላለም።